ያደረ ጭቃ

ባሌ ሮቤ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። ሰፈሩ በአክብሮት «አደ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እኔን ደግሞ «ባርሲስቱ» ይሉኛል፣ በኦሮምኛ መምህርቷ ማለት ነው። በቴክኒክ ኮሌጅ የሕንፃ ግንባታ አስተምራለሁ።

የአደ ቤት የጓሮ ግድግዳ ማገሩ በስብሶ ወደ ውጭ ተንጋዶ ነበር። ጎሮ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ዝናብ እስኪገባ አዲስ ክፍል ካልቆመ ቦታውን ሸጦ እናቱን ይወስዳል። አደ ስለ ጎሮ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ምራቴ ውኃ ስጠጣ እንኳ ጉንጩን ትቆጥራለች።»

በምን ይሠራ የሚለው ክርክር ግን ሳምንታት ፈጀ። ጎረቤታችን ብሎኬት አምራች ስለሆነ መልሱ የታወቀ ነው። ሌላው ተከራካሪ የሰፈሩን ግማሽ ቤት በጭቃ ያቆሙ፣ «ኦቦ» የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ብሎኬት ከመጣ ወዲህ ለኩሽና ምርጊት ካልሆነ የሚጠራቸው አልነበረም። እሳቸው «ጭቃ ይሞቃል» ይላሉ፣ ብሎኬት አምራቹ «ጭቃ የድሃ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልተቀበልኩም። ብሎኬት ሲሚንቶውም አሸዋውም ከሩቅ በመኪና ይመጣል፣ በሮቤ ብርድ ደግሞ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ነው። የጭቃ ቤት እንጨት ይበላል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ ቀይ አፈር ከጎባ በኩል በጋሪ አስመጥተን፣ ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቅለን፣ ከኮሌጁ በምዋሰው የእጅ ማሽን ጠቅጥቀን ጡብ እናወጣለን አልኩ።

«ባርሲስቱ፣ ለጭቃም ዲግሪ ይሰጣል እንዴ?» አለ ብሎኬት አምራቹ።

«ይሰጣል። አንተ ግን መግቢያ ፈተናውን አታልፍም።»

ሰው ሳቀ፤ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጎረቤቱን ሰብስቤ አፈሩን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጠበጥኩት። አሸዋው ቀድሞ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ በኋላ፤ ያን ጊዜ በማስመሪያ እንለካለን ብዬ አስረዳሁ። እኔ እያስረዳሁ ኦቦ ከአፈሩ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ በፊት ጥርሳቸው አላመጡና «አሸዋ ይበዛዋል፣ ግን ይሆናል» አሉ።

«ኦቦ፣ ጨው ይጨመርበት?» አልኳቸው።

ብሎኬት አምራቹ በሳቅ ተንበረከከ። ኦቦ በጋቢያቸው ጫፍ ምላሳቸውን ጠረጉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርሙሱ ያሳየው ነገር እሳቸው ካሉት የተለየ አልነበረም። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ሆኖም ሥራ ስላልነበራቸው አፈር ቀላቃይ ሆነው ገቡልኝ። ሥራው በተጀመረ ቀን ሁሉንም አሳየኋቸው፤ የወንፊቱን ቀዳዳ፣ የሲሚንቶውን ልክ፣ ጭብጥ አፈር ከደረት ከፍታ ተለቆ መሬት ሲያርፍ እንዴት መፈረካከስ እንዳለበት። አደ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። እኔ የፈተና ሰዓት ደርሶብኝ ቦርሳዬን አንግቻለሁ።

«ባርሲስቱ፣ ይደር?» አሉኝ ኦቦ።

«ያልኩዎትን ብቻ ያድርጉ፣ ኦቦ። ያቡኩ!» ብዬ ወጣሁ።

ለእኔ ማቡካት መቀላቀል ነው። ለእሳቸው ግን ጭቃም እንደ ሊጥ ይቦካል፤ በእግር ተረግጦ፣ ተሸፍኖ፣ ያድራል። ያላደረ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይሰነጠቃል፤ ይህን ባሌ ውስጥ ምርጊት ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃል። እኔ ሦስት ቀን ኮሌጅ ስፈትን፣ እሳቸው ሲሚንቶ የገባበትን አፈር በየማታው በጆንያ እየሸፈኑ አሳደሩት፤ ጠዋት ጠዋት በዶማ ከስክሰው፣ ውኃ ጨምረው በማሽኑ ጠቀጠቁት። ሲሚንቶ የነካው አፈር በአንድ ሰዓት ውስጥ መጠቅጠቅ እንዳለበት አልነገርኳቸውም ነበር።

ስመለስ ጡቡ ተደርድሯል። ጠርዙ የተሳለ፣ መልኩ የሚያምር። ተማሪዎቼን አንዱን ጡብ ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ካላያችሁ ግድግዳ አትጀምሩ እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ግንበኛው ተቀጥሯል፣ ከጎባ በላይ ያለው ሰማይም ጠቁሯል። ጡቡ እንደደረቀ አስጀመርኩት።

ክፍሉ ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ አደ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሳጥናቸውን አስገቡ። ዝናቡ ከነንፋሱ መጣ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ የሚመታው ጎን የታችኛው ረድፍ እንደ ስኳር ይሟሟ ጀመር። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ሳይደርስ ማዕዘኑ ተናደ። አደ ሳጥናቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። «ዲግሪው ሟሟ!» አለ ብሎኬት አምራቹ።

አንድ ስባሪ አንስቼ በጣቴ ፈረፈርኩት፤ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ኦቦ፣ ሲሚንቶ የገባበትን አሳደሩት?»

«አሳደርኩት።»

«ማን ያሳድሩ አለዎት?»

«ያቡኩ አልሽኝ፤ አቦካሁ።»

ወደ ሰው ዞሬ አስረዳሁ። ሲሚንቶ እንደ እንቁላል ነው፤ አንዴ ከተቀቀለ ተመልሶ አይመታም። ይህ ሌሊቱን ደርቆ ያደረ ነው፤ ጠዋት ሲከሰከስ ማያያዝ አቅቶት እንዲሁ አፈር ሆኗል። ሁሉም ገባቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በደንብ ስላስረዳሁ ጥፋቱ የኦቦ ሆነ። እሳቸው ያዩኛል፤ «ይደር?» ብለው የጠየቁኝን እኔ ራሴ እንድናገር እየጠበቁ ነበር። አልተናገርኩም። «ጭቃ የሚቀምሰው ሰውዬ» አለ አንዱ ከኋላ። ኦቦ ዶማቸውን አነሱና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ለኩሽና ምርጊት እንኳ የጠራቸው ሰው አላየሁም።

የአደ ልጅ በሳምንቱ አይሱዙ ይዞ መጣ። ፍርስራሹን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ ነው ዘመናዊው?» አለኝ። ቦታውን ብሎኬት አምራቹ ገዛው። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ አደን ደግፌ ጋቢና አስገባኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ኦቦ ይደር ወይ ብለው ሲጠይቁሽ በረንዳው ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገሩም፣ አደ?»

«አንቺ እያስረዳሽ ማን ይሰማኛል? ደግሞስ ብናገር ግድግዳው ይቆማል?» ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አመቻቹ። «ማስረዳት ትችያለሽ። በይ እስቲ፣ ለምራቴም አስረጂልኝ።»

ልጃቸው ሞተሩን አስነሳ። እኔ ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር።