የዘይት ቆርቆሮ ኮከቦች

አዲስ የተቆረጠ ቆርቆሮ ሽታው ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ደም የቀመሱ ያህል። ሰሞኑን የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ «ከወዳደቁ ዕቃዎች የበዓል ጌጥ እንሥራ» ሲለን ያ ሽታ መጣብኝ። አሠልጣኟ ዕቃን መልሶ መጠቀም አዲስ ሐሳብ መሆኑን አብራራችልን። እኛ ደብረ ታቦር ስናድግ የሚወድቅ ዕቃ አልነበረም። የጠበበ ሸሚዝ ለታናሽ ይወርዳል፣ ከዚያ የትራስ ልብስ ይሆናል፣ በመጨረሻም የኩራዝ ክር። ባለሙያ አላስፈለገንም፤ ችጋር በነጻ አስተማረን።

በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ታላቅ እህቴ ለገና የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጣ መጣች። ሆስፒታል በሚሠሩት ፈረንጆች መስኮት አይታ ነው። የፈረንጅ ገና በረዶ ይፈልጋልና ከእናቴ የተባዘተ ጥጥ ቆንጥረን በተንንበት፤ የጉና ብርድ አጥንታችንን እየሰበረው እኛ ሌላ በረዶ ጨመርን። የሲጋራ ብርማ ወረቀት አጣጠፍን፤ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች በክር አንጠለጠልን። የጎደለን ኮከብ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አልጋ ሥር ተሳበና ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ይዞ ወጣ። ልብስ ሰፊው አባቴ ከጨርቅ በቀር ወረቀት እንኳ እንዲነካ በማይፈቅደው መቀስ፣ እህቴ ከብዙ ትግል በኋላ ከቆርቆሮው ኮከቦች አወጣች።

በዚያ ዓመት ልብስ የሚያሰፋ ሰው አልነበረም። ቢሆንም አባቴ የእርዳታ ነገር ሲነሳ «እሱ ከቆላ ለተሰደደው ነው፤ ለሚሞት የመጣ ነው። እኔ ቤት እንዳይገባ» ይል ነበር። በጾሙ ሽሮው ዘይት ሲያገኝ ጊዜ እናቴን ጠየቃት። «ወንድሜ የኑግ ዘይት ልኮልኝ ነው» አለችው። እሱም በላ።

በበዓሉ ቀን የንስሐ አባታችንና አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። በበሩ የገባው ፀሐይ ኮከቦቹ ላይ ወድቆ ግድግዳው ሁሉ ያብለጨልጭ ነበር። ጎረቤታችን ተነስታ አንዱን ኮከብ ገለበጠችው።

«ውይ፣ ሲያምር! ይኸ የሚጨባበጥ እጅ የእርዳታው ዘይት ላይ ያለው አይደለም እንዴ?» አለችና ወደ እናቴ ዞራ ሳቀች። «እኔስ በቀደም እርዳታው ሲታደል ሰልፉ መሐል ያየኋት ሴት አንቺን መስላኝ ነበር። የለበሰችው ቡትቶ ስለሆነ ነው፣ እሷማ አይደለችም ያልኩት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠላሽን ጠጪ እንጂ!» አሉ የንስሐ አባታችን። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብለው «ኮከቡስ መልካም ነው፣ ልጆቼ» አሉን።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ማድ ቤት ወጣች። ጆሮዬ ነደደ። በዘይቱ ይሁን፣ በሰልፉ ይሁን፣ በኮከቦቹ ማማር ይሁን ያፈርኩት፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ድህነት ነውር አይደለም የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጠግበው ነው የሚናገሩት።

እንግዶቹ እንደሄዱ አባቴ ተነሳ። ማድ ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በዚያች አጭር በር ገባ። እኔና እህቴ ከውጭ ግድግዳው ሥር ቆምን።

«አንቱ፣ ይማሩኝ» አለች እናቴ። «ልጆቹ በባዶ ሆዳቸው ሲተኙ ማየት አቅቶኝ ነው።»

«ኑግ አለመሆኑን የመጀመሪያው ዕለት አውቄያለሁ» አላት። «የኑግ ሽታ ለእኔ ይጠፋኛል? አውቄ ነው እኮ የበላሁት።»

ጭስ በሣር ክዳኑ ሥር ይወጣ ነበር። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ሰምቼው በማላውቀው መጠን ዝቅ ብሎ፣

«ሰልፉ ላይ ብርድ ነበር?» ሲል ሰማሁ።

የመለሰችለትን አልሰማሁም። እህቴ እጄን ይዛ ከዚያ አራቀችኝ።