ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጸጥታ

ስቶክሆልም የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ ሥራ አግኝቶ ከእኔ ስምንት ወር ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሃግሴትራ፣ የአረንጓዴው መስመር ባቡር መጨረሻ ላይ፣ በአንድራ ሃንድ፣ ማለትም ከሌላ ተከራይ ላይ ለጊዜው የተከራየው ባለ አንድ መኝታ ቤት ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ይዤ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ እያለሁ ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት እያነበብኩ በድምፅ እቀዳ ነበር። ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ መተው ስላልሆነልኝ፣ ከመነሳቴ በፊት አለቃዬን «እዚያ ሆኜ ልሞክረው?» ብዬ ለመንኳት።

«ሦስት ወር እንየው» አለችኝ። «ድምፁ እዚህ እንደምትቀጂው ጥርት ካለ ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ሌላ ሰው መፈለጌ አይቀርም።»

አልተቀየምኳትም። ልጆች የሚማሩበት ነገር ነው።

ከመኝታ ቤቱ ጎን አንድ ሰው ብቻ የምታስቆም የልብስ ክፍል ነበረች። ማይክሮፎኔን እዚያ፣ በባለቤቴ የክረምት ካፖርቶች መሃል አቆምኩት። ወፍራም ልብስ ድምፅን ዋጥ ያደርጋል። ባለቤቴ ጠዋት ሲወጣ «ሚስቱን ልብስ መሃል ሰቅሎ ሥራ የሚሄድ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ተመለሰ። አለቃዬ ደውላ «ከኋላሽ የሚሰማው ምንድን ነው? ባቡር ነው እንዴ?» አለችኝ። ባቡር አልነበረም። ከላይኛው ቤት የሚመጣ ነው፤ ትርርርር ይልና ያቆማል፣ እንደገና ትርርርር። የስፌት መኪና መሆኑን ያወቅሁት እናቴ ቤትም አንድ ስለነበረን ነው።

በሕንፃው መግቢያ የተከራዮች ስም የተለጠፈበት ሰሌዳ አለ። ወርጄ ሳነበው ከእኛ በላይ ያለው ስም የአገሬ ሰው ስም ሆኖ አገኘሁት። የተለማመድኳትን ሁለት መስመር ስዊድንኛ ትቼ ደረጃውን ወጣሁና አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ከታች ያለሁት ጎረቤት ነኝ፣ እማማ።»

ሰንሰለቱ ወለቀና በሩ ተከፈተ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ የልብስ መለኪያ ሜትር ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ቀጭን አሮጊት ናቸው። «ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ቆሞ ወሬ የለም» ብለው አስገቡኝ። ሻይ ቀረበ። በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው እንደመጡ፣ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ እንደወጡ፣ አሁን ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልብስ በነፃ እንደሚሰፉ ነገሩኝ። ልጃቸው ዮተቦሪ በምትባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ጨዋታው እየጣመ ሲሄድ የመጣሁበትን ማንሳት ጨነቀኝ።

«የስፌት መኪናዎ እኔ ጋ ይሰማል፣ እማማ» አልኩ በመጨረሻ።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። አንድም ፈረንጅ ደረጃ ወጥቶ እንዲህ ያለኝ የለም። የአገሬ ልጅ መጥታ…»

ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ቢሆንም ጀምሬዋለሁና ሥራዬ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደማነብ፣ ሦስት ወር ብቻ እንደተሰጠኝ ዘርዝሬ ነገርኳቸው።

«ለዓይነ ስውር ልጆች?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይኼን አስቀድመሽ አትይም!» ተቆጡ፤ ቁጣው ግን ሌላ ዓይነት ነበር። «ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትፈልጊው?»

«ከሁለት እስከ አምስት።»

«አለቀ። ከሁለት እስከ አምስት እኔ ቤት ዝንብ አትጮህም።»

ደስ ብሎኝ ወረድኩ። በማግስቱ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ውጭው ገና ጎህ እየቀደደ፣ የሳይንስ መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ከላይ ትርርርር። ረስተውት ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ቀን እንዲያውም ባሰ፤ መኪናው እረፍት የሚባል ነገር አጣ። በሦስተኛው ቀን ማዳመጫዬን አውልቄ ተነሳሁ። አዲስ አበባ ያለው ቢሮ ፋይሉን ከምሳ መልስ ይጠብቃል፤ እኔ አንድ ምዕራፍ እንኳ አልቀዳሁም። እልህ ያዘኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ቃላቸውን አጠፉ፣ ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ፣ የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው እያልኩ ክፉ ክፉውን አሰብኩባቸው። ደግሜ ላለመውጣት ወሰንኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ወተት ልገዛ ወጣሁ። የኅዳር ቀን ነው፤ በዚያ ሰዓት ጨልሟል፣ ካፊያውም አላባራም። በባቡር ጣቢያው በኩል ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ካፖርታቸው ትከሻው ርሷል፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው የሚወጣውንና የሚገባውን ሰው ያያሉ። ላልፋቸው ነበር። እግሬ እምቢ አለኝና ገባሁ።

«እማማ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም አልሄድ። አምስት ሰዓት እስኪሞላ ነው።» የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። «ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። አንቺ ምነው ወጣሽ? ዛሬ ቶሎ ጨረስሽ?»

ቀና ብዬ የጣቢያውን ሰዓት አየሁ። አራት ይላል። በእኔ አቆጣጠር አስር፣ በስዊድኖቹ አራት። ነገሩ አንድ በአንድ ተገለጠልኝ። እኔ «ከሁለት እስከ አምስት» ስል የእኛን ጠዋት ማለቴ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በዚህ አገር ሰዓት ሲሠሩበት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁለትና አምስት ነው የሰሙት።

«ሦስቱንም ቀን እዚህ ነው የዋሉት?»

«ቤት ከዋልኩ እጄ አያርፍልኝም፣ ልጄ። መኪናውን ብተው ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ያም ይሰማሻል ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንቺ ሳትጀምሪ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ነው የምሰፋው።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራ የምጀምረው ጠዋት እንደሆነ ስነግራቸው ቀና ብለው የጣቢያውን ሰዓት አዩ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

«የሀበሻውን ሰዓት ረስቼዋለሁ በይኛ! ጉድ ነው! ታዲያ አንቺስ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስትይኝ ነበር?»

«ብዙ ነገር» አልኳቸው። መዋሸት አልቻልኩም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እጄን ይዘው እየሳቁ ተነሱ። ወተቱን ሳልገዛ አብረን ወደ ቤት ተመለስን። ወረቀት ላይ በስዊድን ሰዓት 08–11 ብዬ በትልቁ ጻፍኩላቸው፤ ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት።

በማግስቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ፣ እንግዲህ በእሳቸው ሰዓት፣ በሬ ተንኳኳ። የሚጠለፍ ነጠላ ይዘዋል። «በእጅ የሚሠራ ነው፤ ድምፅ የለውም። ዳር ይዤ ልስማሽ?» አሉኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ልብሶቹ መሃል ገባሁ። ለሰው ፊት ለፊት ካነበብኩ ስንት ጊዜዬ ነበር! ቢሮ እያለሁ እንኳ ከመስታወት ጀርባ ነው የምቀመጠው።

የዚያን ጠዋት ምዕራፍ ስለ ምግብ ሰንሰለት ነበር። «ፌንጣ ሣር ይበላል፤ በእንቁራሪትም ይበላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ሁለቱንም «ይበላል» አላልቼ አንብቤ አለፍኩ። ገጹን ስጨርስ ከአልጋው በኩል ጉሮሮ ተጠረገ።

«ላቋርጥሽ፤ ፌንጣው በላ ወይስ ተበላ?»

ወደኋላ መልሼ ሰማሁት። ልክ ናቸው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው «በእንቁራሪት» የሚለውን ደግሞ አይቶ ይረዳዋል፤ በጆሮው ብቻ የሚማር ልጅ ግን ግራ ይጋባል። ሁለተኛውን አጥብቄ ደግሜ ቀዳሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይመጡ ነበር። የደም ዝውውርን፣ የአፈር ዓይነቶችን፣ የጨረቃን ግርዶሽ አብረን ተማርን። ለማንበብ እፈራቸው የነበሩትን ቃላት ሳይቀር እየደጋገምኩ እጠይቃቸው ጀመር። ደስ የሚላቸውን ትምህርት ስጨርስ «ይኼን እኔ ሳልሰማው መኖሬ!» ይሉ ነበር።

በጥር ወር የድሮ ብርድ ልብሶችን በሁለት እጥፍ ሰፍተው ለልብስ ክፍሏ ግድግዳና በር መጋረጃ ሠሩልኝ። ይህን አይቶ ባለቤቴ አይስቅም? መሰላል ላይ ወጥቶ ሲሰቅለው «አሁን ጎረቤትም አሠሪም አገኘሽ» አለኝ።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ አለቃዬ ደወለች። «ስቱዲዮ ተከራየሽ እንዴ?» አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ለአንድ ዓመት ውል እንደምትልክልኝ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ላይ ሮጥኩ። እማማ ሲሰሙ እልል አሉ፤ ማቋረጥም ስላልፈለጉ ደረጃው ላይ የነበረው ስዊድናዊ ጎረቤት ቆሞ እስኪያይ ድረስ ቀጠሉ። «መልካም ነገር ነው፣ አትደንግጥ» አሉት በስዊድንኛ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቃዬ የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የድምፅ መልእክት አስተላለፈችልኝ። ከእማማ ጋር አብረን ሰማነው። «እህቴ፣ የምግብ ሰንሰለቱን አራት ጊዜ ሰማሁት። ፈተና ላይ መጣ፤ ሠራሁት። ግን ትንሽ ቀስ በይ፤ በብሬል ማስታወሻ ስይዝ ትቀድሚኛለሽ» ትላለች ልጅቱ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልክ ናት። ትፈጥኛለሽ። እኔም ልነግርሽ እያልኩ ነበር።»

ግንቦት ላይ የቤቱ ዋና ተከራይ ተመልሶ መጣ። እኛም ሃሉንዳ፣ በቀዩ መስመር፣ ሌላ ቤት አግኝተን ወጣን። የመጨረሻ ፎቅ ነው፤ ከላያችን ማንም የለም። ጸጥታውን የሚያህል አይገኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሉሰን ላይ ባቡር ቀይሬ እሄድላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ እሳቸው ይመጣሉ። ከእናቴ አገር ርቄ በገባሁበት ከተማ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ ሳያውቁ ለእኔ ሥራ ሲሉ ሦስት ቀን በብርድ የተቀመጡ ሰው አግኝቻለሁ። ይህንን ሳስብ ምስጋናዬን የት እንደማደርሰው አላውቅም።

በሥራ ቀን ደግሞ ልክ እንደጨረስኩ ይደውላሉ።

«ዛሬ ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ምድር ትል፣ እማማ።»

«እሺ፣ ንገሪኝ» ይላሉ። እኔም ወጤን እያማሰልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ።