የፈቀደ ወለል ከሥሩ ቁጥር አለው

ፈቀደ ከላይ ሰው አለው ተባለ። ከቦኖው እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ባሉት ቤቶቻችን በር ላይ ቀይ ኤክስ ከተቀባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ፈቀደ ግን ቤቱ ውስጥ የፕላስቲክ ፓርኬ እያነጠፈ ነው። ይፈርሳል ተብሎ ምልክት የተደረገበት ቤት ውስጥ ወለል የሚያነጥፍ ሰው ወይ አብዷል ወይ ተነግሮታል። ፈቀደ ሲያብድ ያየው የለም። እንግዲያው ተነግሮታል። የነገረው የሚስቱ የተስፋነሽ አጎት ነው። አጎትየው ቢሮው ከመስፋቱ የተነሳ ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ በታክሲ ነው የሚሄደው። እሱ ካለ ደግሞ አለቀ፤ የእኛ መስመር አይፈርስም።

እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። እንዲህ ያለ አጎት ያላት ሴት ቦኖ ላይ ስትሰለፍ ጀሪካኗ ከእኔ ጀሪካን ኋላ አይቆምም። የፈቀደ ጫማም ሶሉ በሲባጎ የታሰረ ነው። ቢሆንም መጠራጠር ቤት አያድንም፤ ወሬው ደግሞ አድናለሁ ይላል። ሰው የትኛውን ይመርጣል?

ወሬው የተፈለፈለው ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ እናትነሽ ካፌ ነው። ካፌ የምንለው ስድስት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የማኪያቶ ማሽን ነው። መብራት ሲኖር ማኪያቶ ይቀርባል፣ መብራት ሲጠፋ ፖለቲካ። ዘመኑ የማስተር ፕላን ዘመን ነው። ማስተር ፕላኑ ሊመጣ ነው ሲባል መንገድ ተዘጋ፤ ቀርቷል ሲባልም መንገዱ በደንብ አልተከፈተም። ከሰበታ በኩል አልፎ አልፎ ጭስ ይታያል፤ የምን ጭስ እንደሆነ ስድስቱም ወንበር የየራሱ መልስ አለው። ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ወሬ እንደ ጥንቱ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ በእግሩ ሲሄድ ደግሞ በየቤቱ ጎራ እያለ ስለሚበላ እኛ ጋ የሚደርሰው ወፍሮ ነው።

መሬቱን የገዛነው ከኦቦ ደቻሳ ነው። ጤፍ ያበቅሉበት የነበረውን ቁልቁለት ቆራርሰው ሸጡልን። ካርታ የለውም፤ ያለው ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ነው። ቀዩ ቀለም በተቀባ ማግስት ካፌው በር ላይ ሲያልፉ ጋሼ ሀብተወልድ አስቆሟቸው።

“ኦቦ ደቻሳ፣ እንደሚፈርስ እያወቁ ነው እንዴ የሸጡልን?”

“እኔ የሸጥኩት ደላላው ‘መሬትህ ሊወሰድ ነው፣ ሳይወሰድ ሽጠው’ ስላለኝ ነው” አሉ ኦቦ ደቻሳ። “እናንተ የገዛችሁት ‘ይሄ መሬት አይወሰድም’ ስላላችሁ ነው። ደላላው አንድ ሰው ነው። ዱጋ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።”

ቁጭ አላሉም። ልጃቸው ጃራ ሰልፍ ላይ ተይዞ ከሄደ ሁለት ወሩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ማኪያቶ መጠጣት ትተዋል።

ጋሼ ሀብተወልድ የካፌያችን ሊቅ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሽትተው ማን እንደፈረመበት ይናገራሉ፤ መንግሥት ሲያስነጥሰው በየትኛው አፍንጫው እንደሆነ ያውቃሉ። የፈቀደን ወሬ አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ፈቀደ ማነው ካላችሁ፣ ከሆሳዕና ወዲያ ማዶ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ሰበታ መጥቶ አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲያጠነጥን የኖረ ሰው ነው። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ስለዚህ ወሬ የሚደርሰው በግማሽ ነው። ጴንጤ ነው፣ አይጠጣም፣ ካፌም አይቀመጥም። በአሥራ ሁለቱ ዓመት ውስጥ ሰባት ኪራይ ቤት ቀይሯል። እጁ ሥራ ካላገኘ ስለሚያሳክከው በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ይሠራል፤ አንዱ ጋ መደርደሪያ መታ፣ አንዱ ጋ ግድግዳ ለሰነ፣ አንዱ ጋ ከቦኖ ድረስ ቧንቧ ሳበ። ልክ ሠርቶ ሲጨርስ አከራዩ ቤቱ ማማሩን ያይና ኪራይ ይጨምራል፤ ፈቀደ መደርደሪያውን ትቶ ይወጣል። ሰባት ጊዜ። በሰፈራችን ያለውን ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ የገባ ጊዜ “አሁንስ የምተወው የለም” ብሎ እንደነበር ባለ ካፌዋ እናትነሽ ትናገራለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባለ ቀለሞቹ መጡ። ከየትኛው ቢሮ እንደመጡ የጠየቀ የለም፤ ቀለም የያዘን ሰው መታወቂያ አይጠይቁትም።

በአመፁ ሰሞን ፋብሪካው ሲዘጋ ፈቀደ አዲስ አበባ የፊኒሺንግ ሠራተኞች ጋር ዕቃ ተሸካሚ ሆነ። አንድ ሀብታም በስድስተኛ ፎቁ ወለል ቀለም ላይ ሦስት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ፤ የተጣለውን የፕላስቲክ ፓርኬ ፎርማኑ “ከፈለግህ ውሰደው” አለው። አሥራ ሁለት ካርቶን፤ ስድስቱ ቡና ዓይነት፣ ስድስቱ አመድማ። መንገድ በተከፈተባቸው ቀናት ሁለት ሁለቱን በሚኒባስ አመጣቸው። ረዳቱ ለእያንዳንዱ ካርቶን የሰው ሒሳብ ተቀበለ፤ ካርቶኖቹ ወንበር ላይ አልተቀመጡም እንጂ መብታቸው ነበር።

እኔና ጋሼ ሀብተወልድ ነገሩን በዓይናችን ለማየት ሄድን። ፈቀደን ተንበርክኮ ነው ያገኘነው። ልጁ ትህትና፣ የስምንት ወር ልጅ፣ ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ ሥራውን ትቆጣጠራለች።

“እንደምን ዋሉ ጋሼ። ጫማዎን ያውልቁና ይግቡ።”

“ሳይጨርስ ቤተ መንግሥት አደረገው” አሉ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው። አወለቁ። አውራ ጣታቸው ከካልሲው ወጥቶ አብሮን ጎበኘ።

ሥራው ያምራል። የተሰነጣጠቀውን ሊሾ በሲሚንቶ ደፍኖታል፤ በላዩ ስስ ስፖንጅ ዘርግቷል። ሳንቃዎቹ በጠርዛቸው ከንፈር አላቸው፤ አንዷን ጋደም አድርጎ ከሌላዋ ከንፈር ውስጥ ያስገባና ጫን ሲላት ጠቅ ትላለች። ጥግ ላይ ስትደርስ በከተር ጫር አድርጎ ጉልበቱ ላይ ቀጭ ያደርጋታል። ከግድግዳው ጋር እንዳትነካካ የክብሪት ቀፎ ጣልቃ ያስገባል። ማንም አላስተማረውም፤ ካርቶን ተሸክሞ ሲወጣ ሲወርድ በዓይኑ የሰረቀው ነው። የመጀመሪያ ቀን ከንፈሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጀምሮ አራተኛው መስመር እምቢ አለው።

“ሁሉንም ነቀልኩት” አለ ፈቀደ። “አንዲት አልተሰበረችም ጋሼ። አንዲትም።” የተሳሳተ ሰው ሳይሆን ዕጣ የወጣለት ሰው ነው የሚመስለው።

“ማስቲሹስ?”

“አይለጠፍም። እርስ በርሱ ነው የሚያያዘው።”

“ለጥፈው እንጂ ሰውዬ። ነገ ይነሳብሃል።”

“ይነሳል” አለ ፈቀደ ፈገግ ብሎ።

“ዞኮሎስ? ዳር ዳሩን ካልመታህ ምኑን ወለል ሆነ?”

“ዞኮሎ አላደርግለትም።”

ተስፋነሽ ልጅቷን ከሳፋው አንስታ ባለቀው ወለል ላይ ለቀቀቻት። ትህትና እንደ ሚኒባስ ተፈተለከች። “ሊሾው ጉልበቷን ላጠው” አለች ተስፋነሽ። “መዳህ ደግሞ ቆይ አይባልም።”

ጋሼ ሀብተወልድ እኔን ጠቀሱኝ። ለልጅ ጉልበት ነው አሉ እንግዲህ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ገና ካልተነጠፉት አንዷን ሳንቃ ገለበጧት። ከጀርባዋ በእርሳስ አርባ ሰባት ተጽፏል። ቀጣይዋን ገለበጡ፤ አርባ ስምንት። ቁጥሩ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ቁጥር ሲያይ አይጠይቅም፤ ያከብራል። ጫማቸውን አጠለቁና ደጅ ስንደርስ “የይዞታ ቁጥር ነው” አሉኝ። “ወረቀቱ በእጁ እንዳይገኝ ከወለሉ ሥር አከፋፍሎ ጽፎታል።”

እኔም ይህ ያልተዋጠልኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ማታ እንኳ ሳይሆን ካፌው ስንደርስ ቁጥሩ የሰፈሩ ሁሉ ቁጥር ሆኖ ጠበቀን። ለምን ፈቀደን ራሱን አልጠየቃችሁትም ትሉ ይሆናል። ወሬን ባለቤቱን መጠየቅ ዶሮን ከነእንቁላሏ ማረድ ነው።

በዚያ ላይ የካርቶኑ ነገር መጣ። እናትነሽ ለጫጩቶቿ ባዶ ካርቶን ብትለምን ተስፋነሽ “ይፈለጋሉ” ብላ ከለከለቻት። ካርቶኖቹ ተጣጥፈው አልጋ ሥር ገብተዋል። የቴሌቪዥኑን ካርቶን የሚያስቀምጥ ሰው ኑሮው የረጋ ሰው ነው አልን፤ የወለሉን ካርቶን የሚያስቀምጥማ መቶ ዓመት ሊኖርበት አስቧል።

በሰፈራችን ማስታወቂያ የሚያነብ የለም፤ የሚነበበው የጎረቤት ቤት ነው። አንዱ ቆርቆሮውን ካወረደ ሰምቶ ነው ተብሎ ሁሉም ያወርዳል፤ አንዱ ከለሰነ ሰምቶ ነው ተብሎ ሁሉም ይለስናል። ባጃጅ ነጂው ሐሰን ቀዩን ቀለም አይቶ ግማሽ ጣሪያውን አውርዶ ነበር፤ የፈቀደን ወለል ሲሰማ መልሶ መታው። እኔ በሬን አረንጓዴ ቀባሁት፤ ኤክሱ ከሥር እንዳይታይ ሁለቴ። ጋሼ ሀብተወልድ ደግሞ ለተዝካራቸው ያስቀመጡትን አውጥተው ነጭ ሴራሚክ ገዙ። ሳሎናቸውን በሲሚንቶ አስለጥፈው ሲጨርሱ ጠሩን፤ ጫማ አስወለቁን። ፈቀደም መጥቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳበሰውና “ይሄስ ወለል ነው” አለ። ጋሼ ሌላ ምስክር አልፈለጉም።

ዶዘሩ የመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ሰጡን። አንድ ሰዓት ውስጥ ቤት አይወጣም፤ የሚወጣው ፍራሽ ነው። ሐሰን ሁለተኛ የመታውን ምስማር ለሁለተኛ ጊዜ ሲነቅል ጣቶቹ ደሙ። እኔ አዲስ የቀባሁትን በር ተሸክሜ ወጣሁ፤ ቀለሙ ሸሚዜ ላይ ቀረ። ጋሼ ሀብተወልድ መሮና መዶሻ ይዘው ተንበረከኩ። የመጀመሪያዋ ሴራሚክ ተሰበረች፣ ሁለተኛዋ ተሰበረች፣ ሦስተኛዋ እጃቸው ላይ ለሁለት ሆነች። መሮውን አራተኛዋ ላይ አሳረፉ። ከዚያ የዶዘሩ ጥርስ በመስኮቱ በኩል ገባና አስነሳቸው።

ፈቀደ ቤት የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነበር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከመጨረሻው መስመር ጀምሮ ወደ ኋላ እየነቀለ ነው። “መቶ ሠላሳ ዘጠኝ” ይላል፤ ተስፋነሽ ትቀበልና ካርቶን ውስጥ ትከታለች። “መቶ ሠላሳ ስምንት።” ትህትና ሳፋ ውስጥ ሆና ታያለች። ተራቸው ሲደርስ አሥራ ሁለቱ ካርቶን ተጠቅልሎ፣ ስፖንጁ በላዩ ታስሮ፣ ኦቦ ደቻሳ ባመጡት የአህያ ጋሪ ላይ ተጭኖ ነበር። ዶዘሩ የወደቀበት ባዶ ሊሾ ነው።

“መሬቱ አሁን ለእርስዎ ይመለሳል?” አልኳቸው ኦቦ ደቻሳን።

“ሚቲ፣ አይመለስም” አሉ፤ ልጓሙን አስተካከሉ።

ጋሼ ሀብተወልድ በአቧራው ውስጥ መጡ። ፀጉራቸውም ቅንድባቸውም የሴራሚክ ዱቄት ለብሷል። መሮውን አሁንም ይዘውታል።

“አንተ” አሉት። “አጎቷ የት ሄዱ?”

“የምን አጎት ጋሼ?” ፈቀደ ደህናውን ጆሮውን አስጠጋ።

“የተስፋነሽ አጎት። ቢሮ ያላቸው።”

“ተስፋነሽ አጎት የላትም። አባቷ ብቸኛ ልጅ ነው፣ እናቷም ብቸኛ ልጅ ናት።”

“ቁጥሩስ? ከሥሩ የጻፍከው የይዞታ ቁጥር?”

“የቷ ከየቷ ቀጥላ እንደምትገባ ነው። የሚቀጥለው ኪራይ ቤት ስንገባ እንዳንቸገር።”

ጋሼ ጋሪውን አዩ፤ ካርቶኖቹን ቆጠሩ መሰለኝ። “ይሄ መስመር አይፈርስም ያለህ ሰው አልነበረም?”

“ማንም ምንም አላለኝም” አለ ፈቀደ። “በሬ ላይ በቀይ ተጽፎልኝ የለ እንዴ። ይሄን ያነጠፍኩት እንደሚፈርስ ስለማውቅ ነው። የማይፈርስ ቢሆን ኖሮ እንደ እርስዎ ሴራሚክ ነበር የምለጥፈው።”