ክዳን ያጣ ቅርስ

ከይፋግ ወዲያ፣ የሩዝ ማሳ ከቦት የቆመውን የአባቴን ቤት ያሠሩት ቅድመ አያቴ ናቸው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ሰገነቱ ጥድ፣ ክዳኑ የሰንበሌጥ ሣር ነው። የቅርስ ሠራተኞች መጥተው በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መጠገን ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከቸነከሩበት ወዲህ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ግራ ገብቶኛል።

አምና ክዳኑ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ባሕር ዳር ደሞዝተኛ ነኝ፤ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እየለመንሁ የቅርስ ቢሮውን ደጅ ጠናሁ። ኃላፊው ስብሰባ ነው፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፤ ማኅተም የያዘችው ልቅሶ ሄዳለች። «ነገ ይመለሱ» የሚለውን የሰማሁትን ያህል የገዛ ስሜን ሰምቼ አላውቅም። አባቴን፣ «አባየ፣ ቆርቆሮ እናልብሰውና ይለይለት» ብላቸው፣ «መንግሥት ያከበረውን ቤት እኔ ላዋርደው?» አሉኝ። በእሳቸውም ተናደድሁ።

ደብዳቤው በግንቦት መጨረሻ ወጣ። ተፈቅዷል፤ ክዳኑ ግን «በነበረው ሣር» ይሁን ይላል። እየሮጥሁ አገር ቤት ገባሁ። ጎረቤቶች ለደቦ እሺ አሉ፤ ጠላም ተጠመቀ። ያኔ አንድ ሽማግሌ፣ «ለመሆኑ ሣሩን ከየት ልታመጣው ነው፣ ልጀ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰንበሌጡ ይታጨድበት የነበረውን የሐይቅ ዳር መስክ ከጥቂት ዓመታት በፊት አሳርሼ ሩዝ ያስዘራሁት እኔው ነኝ። አባየ «መስኩ ለክዳን ነው» ሲሉኝ፣ «ሣር አይበላም» ብዬ ተከራክሬ ረታኋቸው። የተማረ ልጅ! ጎረቤቱም እኔን አይቶ የየራሱን አረሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በምርቱ ስንደሰት አገሩን ያለ ሣር አስቀረነው። ልገዛ በየመንደሩ ዞርሁ፤ ያለው የለም። በሩዝ ገለባ እንክደነው ብል ሳቁብኝ፤ አንድ ክረምት አይዘልቅም። ቢሮው ደውዬ ቆርቆሮ ይፈቀድልኝ ስል፣ «አዲስ ማመልከቻ ያስገቡ» ተባልሁ። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡም መጣ። «ባሕር ዳር እንሂድ፣ አባየ፤ እዚህ ክረምቱን አይችሉትም» አልኋቸው።

ቀና ብለው ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ የማያፈሰውን ጥግ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«ያች ጥግ ለኔ ዕድሜ ትበቃለች። በል፣ አልጋውን ያዝልኝ።»

በአንድ በኩል ይዤ ወደ ጥጓ አስጠጋሁላቸው።