አባቴና ሁለቱ መጠጦች

«አባባ መድኃኒቱን አስመለሰው፤ እሱ ግን ደስ ብሎታል» አለችኝ እህቴ በስልክ። እሷ ጎንደር፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ናት፤ እኔ ጋምቤላ፣ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ።

አባታችን ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው የኮሶዬ ገበሬ ነው። ሰገራው ላይ ደም ከታየበትና ከከሳ ወዲህ ሐኪሙ ትልቁ አንጀቱ ላይ ዕጢ እንዳይኖር ሰግቶ ሲቲ ስካን አዘዘለት። አንጀቱ በሥዕሉ ጎልቶ እንዲወጣ አስቀድሞ የሚጠጣ ነገር አለ። አባባ ደግሞ ለበሽታ ብሎ የጠጣው ጸበል ብቻ ነው፤ በባዶ ሆድ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እስኪያስመልስ። ያን ኖራ የመሰለ ነጭ መጠጥም እንዲሁ ገለበጠው፤ ወዲያው መለሰው። አፉን በጋቢው ጠርጎ «ተመስገን፣ ወጣልኝ! በሉ ወደ ቤቴ» አለ። አንዴ ኮሶዬ ከገባ ደግሞ እንደማይመለስ እናውቃለን።

እህቴ ስልኩን ስላልዘጋችው መጠጡን የምትሰጠውን ባለሙያ ድምፅ ሰማሁ። አልሳቀችበትም።

«አባቴ፣ ጸበሉ እንዲያወጣ ነው። ይኼ እንዲያሳይ ነው፤ ሆድዎ ውስጥ መቆየት አለበት።»

«ምነው ታዲያ እንዲህ ከበደ?»

ነጩ ደቃቅ ዱቄት የተበጠበጠበት ነው አለችው፤ የአንጀቱን ግድግዳ ሸጋ አድርጎ ይለብጣል፣ ሆድ ላይ ግን ይከብዳል። ሌላም መጠጥ አለ፣ በውኃ የሚቀጥን ነው፤ ይመራል፣ አንዳንዱንም ያስቀምጠዋል፣ ግን ቀሎ ይወርዳል። «ሥዕሉ ላይ ሁለቱም ነጭ ናቸው» ብላ፣ ሐኪሙን ጠይቃ፣ ሁለተኛውን ቀዳችለት። ያ ሁሉ ሰው ተራ እየጠበቃት ለአንድ ገበሬ እንዲያ መዘርዘሯን ሳስብ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

አባባ ግን ቀምሶ ፊቱን አዞረ። «ይኼስ ከኮሶም ይብሳል!»

የቀረውን እህቴ ናት የነገረችኝ። አጠገቡ ብርጭቆዋን ይዛ የተቀመጠች አንዲት በሽተኛ «አያ፣ እኔ ሴቲቱ የቻልሁትን እርስዎ ፈሩት? በሉ እኔ ስጎነጭ ይጎንጩ» አለችው። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ፤ እሱንም እልህ ያዘው። እስከ ከሰዓት በኋላ በጉንጭ በጉንጭ አብረው ጠጡ። ጠብታ አልመለሰም።

ዕጢው ታየ። ገና ትንሽ ነበር፤ ተቆርጦ ወጣ። ዘንድሮ ገብሱን ራሱ አጨደ። ስደውልለት ግን ቀድሞ የሚያነሳው እሷን ነው፦ «ያቺ ሴትዮ ውጤቷ ምን ተባለ ይሆን?» እሱ ከምርመራው ሲወጣ እሷ ሄዳ ነበር፤ ስሟንም አልጠየቃት።

እኔም በጸሎቴ «ከአባቴ ጋር የጠጣችውን» እላለሁ። እግዚአብሔር ያውቃታል። እናንተ በዚያ ቀን በዚያ አግዳሚ ላይ የነበራችሁ ግን፣ የክርስትና ስሟን የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ በስሟ ልጥራት። በደኅና ወደ ቤቷ መግባቷንም ንገሩኝ።