ለባሏ የምታስቀድመው ወተት

ወተት ሻጯን ሰፈሩ በሙሉ «ጠብታ» ይላታል። ደንበኛ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይባት፣ «ጠብታ ውሃ ቢገኝበት ላሞቼ ይንጠፉ!» እያለች ስለምትምል ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው።

እሱን ክፉ ተቅማጥ ያዘው። መድኃኒቱ ትኩሳቱን አበረደለት፤ ሆዱ ግን አልመለስ አለ፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ጠብታም የምታውቀውን ሕክምና ጀመረች። ጓሮ ካሉት ሁለት ላሞቿ አልባ፣ አፍልታ፣ ከደንበኛ ሁሉ በፊት ለእሱ ትቀዳለች። ያደረውን አርግታ ለሰው ትሸጣለች። «ለታመመ ሰው ያደረ ነገር አይሰጥም» ባይ ናት።

«ጠጣ እንጂ! ሳትጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም።»

«አንቺ ሴት፣ ትራፊክ ፖሊስ እንኳ እንዲህ ቆሞብኝ አያውቅም።»

ይጠጣል። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ይነፋል፣ ይንጓጓል፣ ወደ ጓሮ ይሮጣል። እሷ አቅም አጥቶ ነው ብላ ኩባያውን በትልቅ ብርጭቆ ለወጠችው። አንድ ጠዋት ወተቱን በመስኮት አሳልፎ አበባው ሥር ሲደፋ ያዘችው።

«ሰው ተሰልፎ የሚያጣውን ወተት! ልትሞትብኝ ነው የምትፈልገው?» አለች ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ።

ከዚያ ወዲያ ቃል ሳይተነፍስ ጭልጥ ያደርገው ጀመር። እሷም አሸነፍኩ ብላ ደስ አላት።

ሽንት ቤቱ በር ላይ የወደቀ ዕለት ጎረቤት ደግፎ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ወጣቷ ሐኪም ምን እንደሚመገብ ጠየቀች።

«ወተት ነዋ» አለች ጠብታ ኮራ ብላ።

«እስቲ ለጊዜው ያቁሙት፣ እማማ። የሚያስቸግራቸው የወተቱ ስኳር ነው።»

«ስኳር?» ጠብታ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ማነው ስኳር ጨመረች ያለሽ? እኔ እንኳን ስኳር ጠብታ ውሃ አልጨምርም!»

ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ ሳቁን ዋጠ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

«ወተትዎ ንጹህ ነው፤ ስኳሩ ከላሚቱ ጡት ይዞት የሚመጣ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው። እዚያ ላይ ያንን ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። ተቅማጥ ሽፋኑን ሲጎዳው ኢንዛይሙም አብሮ ይጠፋል። ስኳሩ ሳይቆረጥ ወደ ታች ይወርድና ውሃ ይስባል፣ ጋዝ ይፈጥራል። ሽፋኑ ተመልሶ እስኪያገግም ነው የምንጠብቀው።»

«ጭራሽ ምንም?»

«እርጎ በጥቂት በጥቂቱ ይሞክሩ። ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ይቀንሳል።»

ጠብታ ተመልሳ ተቀመጠች። እርጎውን ለባዳ ስትሸጥ ነው የከረመችው። ውሃ ቀላቃይ እያለች የምታማት የታችኛው ሰፈር ወተት ሻጭ ሚስቱ ብትሆን ኖሮ፣ ስኳሩም በውሃው ቀጥኖ ሰውየው ይህን ያህል ባልከሳ ነበር።

ቤት ገብተው ትራሱን ስታስተካክልለት ጠየቀችው።

«ወተቱ መሆኑን አላወቅክም?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ዘጋህ?»

«አበባው ሥር የደፋሁ ለት ፊትሽን አየሁታ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ሆዴ ደግሞ እንደምታዪው ነው።»

አልሳቀችም። ለደንበኛ ካስቀመጠችው እርጎ በትንሽ ኩባያ ቀድታ ሰጠችውና፣ እንደ ልማዷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እሱም ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ማንኪያውን ቶሎ ቶሎ ወደ አፉ ያመላልስ ጀመር፤ እንደ ተቆጡት ልጅ። ያን ጊዜ እጇን አወረደች። ወደ ግቢ ወጣች።

«ጠብታ፣ እርጎ አለሽ?» አለች አንዲት ደንበኛ ከአጥሩ ውጭ።

«የለም፤ አልቋል።»

የእርጎው ማሰሮ ገና ብዙም አልጎደለም ነበር።

በክፍቱ መስኮት ማንኪያው ከኩባያው ጋር ሲጋጭ ይሰማታል። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ጨርሶት ይሆን? ወይስ አሁንም ደፍቶት? መስኮቱ ሥር ያለው አበባ ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ቢደፋውም እንዳታየው ፊቷን ወደ በረቱ እንዳዞረች ቆየች።