ትራስ የሌለው ጡሩምባ

ምንያህል ዘወትር ማለዳ ከአልጋው ሳይወርድ ጡሩምባውን በትራስ አፍኖ አንድ ጊዜ ይነፋል። ድምፁ ጆንያ ውስጥ የገባ በግ ይመስላል። የሚነፋው መሣሪያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው። ትራሱ ደግሞ ሰፈሩን ከድንጋጤ ያድናል፤ በየካ ዳገት የእድር ጡሩምባ ተሰማ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነውና። ሚስቱ የማርያምወርቅ ያንን ትራስ ከሌላው ልብስ ለይታ ታጥበዋለች። በዚህ ዘዴ ምንያህል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግል አንድም ቀን ተሳስቶ ሰው አስለቅሶ አያውቅም።

ጥሪው ሁልጊዜ በሁለት ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ ይነፋና የሟቹን ስም ይናገራል። ከዚያ ሰው ደንግጦ ነጠላውን እስኪፈልግ ድረስ ዝም ብሎ ይራመዳል፤ የሚቀጥለው ኩርባ ላይ ሲደርስ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይጨምራል።

በሰኔ ወር የእድሩ ሊቀመንበር አቶ በዳዳ አስጠሩት።

«ግማሹ አባል ኮንዶሚኒየም ደርሶት መሪ ሰፈር ገብቷል» አሉት። «ጡሩምባህ መሪ ድረስ ይሰማል?»

«ነፋሱ ከእንጦጦ የመጣ ቀን ይሰማል።»

«ነፋስ በቃለ ጉባኤ አይያዝም።»

ኮሚቴው ወስኖ ጨርሷል። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ጥሪው በቴሌግራም ይሆናል፤ ጡሩምባው ከድስቶቹ ጋር ዕቃ ቤት ይገባል። መልእክት ላኪነቱ ግን ለምንያህል ሊሰጥ ይችላል፤ ለሽማግሌዎቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት ከቻለ። ቅዳሜ በጠቅላላ ጉባኤ አቶ በዳዳ አባላቱን እያስነሱ ይጠይቃሉ። መልስ ከጠፋ ሥራው ሲ.ኤም.ሲ ባለ ኮምፒውተር ቤት ለምትሠራው ለልጃቸው ለሰኚ ይሰጣል፤ ምንያህልም ከነትራሱ ቤቱ ይቀመጣል።

ሰኚ ይህን ሹመት እንደ ወረርሽኝ ነበር የምትፈራው። «ጋሼ ምንያህል፣ እባክዎ ይህን ነገር ይወቁልኝ» አለችው። «አለበለዚያ አባዬ ሰው በሞተ ቁጥር እኔን ሊቀሰቅሰኝ ነው።» ሦስት ቀን ከሥራ ስትመለስ እየመጣች ቃላቱን አንድ በአንድ አስረዳችው። እሱም ሌላ ቋንቋ ስለማያውቅ ሁሉንም ወደ እድር ቋንቋ መለሳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርት ጀመረ። ከስልሳ አራቱ አባላት የመጡት ሰባት ናቸው።

«ኢንተርኔት መንገዱ ነው» አለ ምንያህል። «ዌብሳይት መንገዱ ዳር ያለ ቤት ነው። ሊንክ ደግሞ ‹ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር› ብሎ የሚያመለክታችሁ ሰው ነው።»

«ሲያሳስትስ?» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ስልኩንም ከሰባቱ ሁሉ በተሻለ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

«የማያውቁት ሰው ያመለከተዎት ቤት አይግቡ። ፓስዎርድ እንደ ክርስትና ስም ነው፤ አደባባይ አይጠራም።»

«የኔን ቄሱ ያውቁታል።»

«ለቄሱም አይንገሩ። ሰርቨር የሚባል አለ፤ እሱ እንደ ወልደ ሐዋርያት ነው።»

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ወልደ ሐዋርያት ከኋላ ቀና አለ። «እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም። ቁልፍ ይዘህ ትቀመጣለህ። ሰው መጥቶ ድስት ሲጠይቅህ ታወጣለህ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከመጣብህ ትቆጣና ትዘጋለህ። ሰርቨር ማለት ይኸው ነው። ብራውዘር ደግሞ አንተ ዘንድ የሚላከው ሰው ነው።»

«ምሳ ስሄድስ?»

«ያኔ ሰርቨሩ የለም ይባላል።»

ወልደ ሐዋርያት ነገሩን መረመረና በሹመቱ ተደሰተ።

«ካሽ የሚባልም አለ፤ የገንዘቡ አይደለም። ብራውዘሩ አንድ ዕቃ ካመጣ በኋላ ‹ነገ ደግሞ ልፈልገው ነው፤ ዳገቱን ምን አስወጣኝ› ብሎ እቤቱ የሚያስቀረው ማለት ነው።» ምንያህል ምሳሌ ፈለገ፤ ምሳሌውም ቅርብ ነበር። «ልክ ትልቁ ድስት ከፋሲካ ጀምሮ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ዘንድ እንደቀረው።»

ስድስቱም ዞረው አዩዋቸው።

«እመልሰዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ።

«ካሽ አልፎ አልፎ መጽዳት አለበት ብላለች ሰኚ።»

«ድስቱ ንጹሕ ነው።»

ትምህርቱ ደኅና ሄደ፤ የሰው ቁጥር ግን ምንያህልን አስጨነቀው። ከትምህርት የቀረ አይቀጣም፤ ከለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ሰው የሚመጣው ለለቅሶ ብቻ ነው። ቅዳሜ አቶ በዳዳ ከሃምሳ ሰባቱ አንዱን ቢያስነሱ ነገር ዓለሙ አበቃ።

ዓርብ ጧት ቢያንስ ለሙከራ የተሰጠው የእድሩ ስልክ መሥራቱን ላረጋግጥ ብሎ ተነሣ። ኔትወርክ ደኅና የሚሆነው ከውሃ ታንከሩ በላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለሙከራ የማንን ስም ይጻፍ? የሰው ስም ቢጽፍ ሟርት ይሆንበታል፤ ቆሞ የሚሄድ ጎረቤቱን እንዴት ይገድላል? ስለዚህ የራሱን ጻፈ። «የእድራችን አባል አቶ ምንያህል በላቸው ዛሬ አርፈዋል።» ወደ እድሩ የቴሌግራም ቡድን ላከው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ለሁለተኛው ትንፋሽ ጊዜ ሰጠ። ተነሥቶ እስከሚቀጥለው ኩርባ ተራመደና ጻፈ፦ «ይህ ሙከራ ነው። የደረሳችሁ እሺ በሉ።» ይህንንም ላከ። ከጽሑፉ ጎን አንዲት ትንሽ የሰዓት ምልክት ብቅ አለች። ምልክቷ መልእክቱ ገና አልሄደም ማለት ነበር፤ የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቋል። ምንያህል ግን ሰዓት የነገረችው መስሎት አመስግኖ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሲወርድ የጫማው ሶል ተገንጥሎ ጫማ ሰፊው ዘንድ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ።

ሰፈሩ ሲደርስ በግቢው ድንኳን እየተተከለ ነው። ግቢው የሦስት አባወራ ስለሆነ ከጎረቤቶቹ አንዱ መስሎት ልቡ ደነገጠ። እጁ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደውን አልረሳምና አንዱን ቋሚ ያዘ። ቋሚውን ከታች የሚቀብረው ወልደ ሐዋርያት ነበር።

«ማን ነው ያረፈው?» አለ ምንያህል ዝቅ ብሎ።

«ምንያህል» አለ ወልደ ሐዋርያት ቀና ሳይል።

«የቱ ምንያህል?»

«ጡሩምባ ነፊው።»

«እግዚአብሔር ነፍሱን…» ብሎ ምንያህል አቆመ።

ወልደ ሐዋርያት ቀና አለ። ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ድንኳን ይዣለሁ።»

«ልቀቅ። የራስን ድንኳን መትከል ነውር ነው።»

የማርያምወርቅ ከወፍጮ ቤት የተመለሰችው በዚህ መሀል ነው። ድንኳኑን ስታይ የያዘችው ዱቄት ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ» አለ ምንያህል።

«በሩን ማን ከፈተላቸው?»

«ወልደ ሐዋርያት።»

«የሞትክ አንተ፣ የሚደፋው የኔ ዱቄት» አለችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቅም ለቅሶም በማይባል ድምፅ ትንፋሿን ሰበሰበች።

ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጉረፉን አላቆመም። ከመሪ ሳይቀር በሁለት ሚኒባስ ሞልተው መጡ። የተጠራጠረ አልነበረም፤ ለሟች ማን ይደውላል? ደግሞስ መልእክቱን የላከው ራሱ ምንያህል ነው፤ እሱ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም። ምንያህል ደጃፉ ላይ ቆሞ «ግቡ፣ በሞቴ ግቡ» ካለ በኋላ ምላሱን ነከሰ።

አቶ በዳዳ በመጨረሻ ደረሱ። አዩት፤ ስልካቸውን አዩ፤ እንደገና አዩት።

«በእድሩ ተጫወትክበት» አሉ። «ቅዳሜን መጠበቅ አያስፈልግም። ድንኳኑ ይነቀል፤ ስልኩንም ለሰኚ አስረክብ።»

«የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀመጥበት ከተነቀለ ሌላ ሞት ይጠራል» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። «ይህን ደግሞ እርስዎም ያውቃሉ።»

አቶ በዳዳ ያውቁ ነበር። ሃምሳ አንድ ሰው ተቀመጠ። ስም ተጠራ። ምንያህል ያንን ሁሉ ሰው ባየ ጊዜ የሚያጣው ነገር ስላልነበረ መሀል ቆመና ከኢንተርኔት ጀመረ። መንገዱን፣ ቤቱን፣ ሰማያዊውን በር፣ የክርስትናውን ስም ሁሉ ተናገረ። ኩኪስ የሚባለው ላይ ሲደርስ «ባለፈው ለቅሶ የት እንደተቀመጣችሁ አስታውሶ እዚያው የሚያስቀምጣችሁ በረኛ ነው» አለ። ሦስት ሽማግሌዎች ተነሥተው ወደለመዱት ቦታቸው ተዛወሩ።

አቶ በዳዳ ፈተናውን እዚያው አደረጉት። «ሰርቨር ምንድን ነው?»

«ወልደ ሐዋርያት» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

«ካሽስ?»

ሃምሳ ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

«ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ እኮ» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ።

አቶ በዳዳ መዝገባቸውን ገለጡ። ከዚያ የቀሩትን አሥራ ሦስት ሰዎች ለመቅጣት ስማቸውን ሊመዘግቡ ሲሉ፣ እስቲ ምክንያታቸውን ልስማ ብለው ለአንደኛው፣ ለአቶ አምሃ፣ ደወሉና ስልኩን ጮክ አደረጉት።

«መልእክቱ ደርሶኛል» አሉ አቶ አምሃ። «ጡሩምባ ግን አልሰማሁም። ምንያህል ሞቶ ምንያህል ሳይነፋ ይቀራል ብዬ አላመንኩም።»

ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ቅዳሜ ሊወሰን የነበረው ዓርብ ተወሰነ፤ መልእክቱም ጡሩምባውም ይቀጥላሉ፣ ሁለቱንም የሚይዘው ምንያህል ነው።

ሰኚ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ስልኩን ተቀብላ አንድ ቦታ አሳየችው። «ለራስዎ ብቻ የሚልኩበት እዚህ ነው። እዚህ የጻፉትን ከእርስዎ በቀር ማንም አያየውም።»

«ትራሱ ነዋ» አለ ምንያህል። «መጀመሪያ እሱን አታሳዪኝም ነበር?»

በማግስቱ ማለዳ ጡሩምባውን በትራስ ነፋ፤ ቀጥሎ ለራሱ አንድ መልእክት ላከና ደረሰው። ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቡድኑ «ትልቁ ድስት ተመልሷል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እስከ ኩርባው ተራምዶ ሁለተኛውን ጨመረ፦ «ክዳኑ ገና ነው።»